የፊት ግራ ፍሬን ይዞ አይለቅም፦ ካሊፐሩን ፈትቶ ጎሚኒ መቀየር

ቸርኬ_14
ሰላም ለቤቱ። የፊት ግራው ፍሬን ይዞ አልለቅ ብሏል። ፔዳል ሳይነካ መኪናው ወደ ግራ ያደላል። ከተነዳ በኋላ የግራው ቸርኬ እጅ አያስጠጋም፣ ቀኙ ግን ለብ ያለ ብቻ ነው። በክሪክ ተነስቶ ጎማውን ለማዞር ሁለት እጅ ይፈልጋል። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) በሁለት ፒን ላይ የሚንሸራተት፣ ባለ አንድ ፒስተን ነው። ፒስተኑ ብረት ሆኖ ስፋቱ 54 ሚሊ ሜትር ነው። የውስጠኛው ሸራ የቀረው 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን የውጭኛው ገና 7 አለው። ኪቱ ተገዝቷል፤ የፒስተኑ ካሬ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት)፣ የአቧራ ጎሚኒ፣ ሁለት የፒን ጎሚኒና ትንሽ ግራሶ አለበት።

ጥፋቱ በርግጥ የካሊፐሩ መሆኑን ሳልፈታ ማወቅ ይቻላል? ፒስተኑንስ በምን ላውጣው? ኮምፕሬሰር አለኝ። የሲሊንደሩን ውስጥስ በብርጭቆ ወረቀት ልፈገው ወይስ አይነካም?

ሞርሳ
ይቻላል፣ መቅደም ያለበትም እሱ ነው። ጎማው ይዞ ባለበት ሰዓት መኪናውን አንሳና በመደገፊያ ብረት አስቀምጠው፤ በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር እጅም አይገባም። ከዚያ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቫልቭ ሩብ ዙር ክፈት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ወዲያው ከለቀቀ፣ ካሊፐሩ ውስጥ ግፊት ታስሮ ነበር፤ ጥፋቱ ከካሊፐሩ በላይ ነው። ዘይቱ ጠብ ጠብ ብቻ ብሎ ጎማው እንደያዘ ከቀረ ግን የታሰረ ግፊት የለም፤ የያዘው ወይ ፒስተኑ ነው ወይ ፒኖቹ።

ግፊት ከተገኘ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጣ። ቫልቩን ዝጋ፣ ፔዳሉን ረግጠህ ልቀቅና እንደገና እንዲይዝ አድርግ። አሁን ተጣጣፊው ቱቦ ከብረት ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በትንሹ አላላ። እዚህ ተላልቶ ጎማው ካልለቀቀ ዘይቱን ያሰረው ተጣጣፊው ቱቦ ነው። ከለቀቀ ደግሞ ችግሩ ወደ ፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር) አካባቢ ነው። ማስተሩ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጎማ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በዚያው መስመር ላይ ያለው ሌላው ጎማም ይሞቃል።

ፔዳል
ቱቦው ላይ ልጨምር። ከውጭ ስታየው ምንም አይመስልም፣ ውስጡ ግን አብጦ ቀዳዳው ጠብቧል ወይም የውስጥ ሽፋኑ ተልጧል። ስትረግጥ የእግርህ ኃይል በማስተሩ በኩል ተባዝቶ ስለሚመጣ ዘይቱ በጠባቡም ቀዳዳ ያልፋል። ስትለቅ ግን ዘይቱን ወደ ኋላ የሚገፋው የፒስተኑ ጎሚኒ መላላት ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ ደካማ ነው። ፍሬኑ ይዞ ትንሽ ቆይቶ በራሱ የሚለቅ ከሆነ መጀመሪያ ቱቦውን ጠርጥር። በፒንሳ ቆንጥጦ ዘይት ማቆም የማይደገፈውም ለዚሁ ነው፤ የውስጥ ሽፋኑ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።

ቸርኬ_14
ቫልቩ ተከፈተ፤ ጠብ ጠብ ብቻ ነው፣ ጎማው እንደያዘ ነው። ካሊፐሩ ሲወልቅ የላይኛው ፒን በጣት ይንሸራተታል፣ የታችኛው ግን በፒንሳ ተይዞ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ግራሶውም ደርቆ እንደ ሬንጅ ሆኗል። የውስጠኛው ሸራ ደግሞ እኩል አላለቀም፣ ሰያፍ ሆኗል።

ሞርሳ
እንግዲህ ጥርጣሬው ካሊፐሩ ላይ ገባ። ሰያፍ ሆኖ ያለቀ ሸራ የአንድ ፒን መጣበቅ ምልክት ነው፤ ካሊፐሩ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ሸራውን አጣሞ ይጫነዋል። ፒኑ ብቻ ነው ብለህ ግን አትቁም። ካሊፐሩ ከፒኖቹ ወልቆ ሳለ ፒስተኑን በመጭመቂያ ወደ ውስጥ ግፋው፣ ቫልቩም ክፍት ይሁን። ጤነኛ ፒስተን በዝግታና በእኩል ኃይል ይገባል። እየዘለለ ወይም መሃል ላይ እየቆመ የሚገባ ከሆነ እሱም መውጣት አለበት።

ፔዳል
ቫልቩን መክፈቱ የግድ አይመስለኝም። ተዘግቶ ቢገፋም ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ ማጠራቀሚያው እንዳይፈስ ብቻ አስቀድሞ መቀነስ ነው።

ሞርሳ
ይመለሳል፣ ልክ ነህ። ይዞት የሚመለሰውን ግን አስብ። በመኪናው ካለው ዘይት ሁሉ የቆሸሸው ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ነው፤ ሙቀቱም፣ እርጥበቱም፣ ዝገቱም እዚያ ይጠራቀማል። ያንን በኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ቫልቮች በኩል ወደ ላይ ከመግፋት በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ማስወጣት ይሻላል። ትርፍ ሥራው ቫልቭ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ቫልቩን የምትዘጋው ግን ፒስተኑ ገና እየተገፋ ሳለ ነው፣ አለዚያ አየር ይስባል።

ጋሽ_ክሪክ
ፒስተኑን ለማውጣት ከሁሉ የሚሻለው የመኪናው የራሱ ፔዳል ነው። ኮምፕሬሰሩን ለጊዜው ተወው። ቱቦውን ከመንቀልህ በፊት ነው ይህ የሚሠራው፣ ብዙ ሰው ቀድሞ ቱቦውን ነቅሎ ይህን ዕድል ያጣዋል።

ካሊፐሩ ገና በቦታው ታስሮ ሳለ የአየር ማስወጫ ቫልቩና ቱቦውን የሚይዘው ብሎን መላላታቸውን አረጋግጥና መልሰህ በቀላሉ አጥብቃቸው። ካሊፐሩ በእጅ ላይ ሆኖ እነዚህን መፍታት መከራ ነው። ከዚያ ካሊፐሩን ከፒኖቹ አውጣ፣ ሸራዎቹን አንሳ፣ ካሊፐሩን በሽቦ ከሱስፔንሽኑ ሞላ ጋር እሰረው። በቱቦው እንዲንጠለጠል በፍጹም አትተወው። ከሥሩ ሰፋ ያለ ዕቃ አስቀምጥ። የሌላው ጎማ ካሊፐር በቦታው ይሁን፣ አለዚያ ላላ ያለው ፒስተን ቀድሞ ይወጣል።

ረዳትህ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይርገጥ። ፔዳሉ ሥር ጣውላ ይኑር፣ እስከ ወለሉ አይውረድ። ያረጀ ማስተር ውስጥ የፒስተኑ ጎሚኒዎች በዘወትር መንገዳቸው ብቻ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ ያለፈው ክፍል ዝገትና ዝቃጭ ስለያዘ እስከ ጥግ ሲረገጥ ጎሚኒዎቹ ይቦጨቃሉ። የማጠራቀሚያውን ዘይት እያየህ ጨምር። ፒስተኑ ወደ አፉ ደርሶ የአቧራ ጎሚኒው ሲወጠር አቁም፤ ከዚያ ወዲያ በእጅ ወዝወዝ ተደርጎ ይወጣል።

ቱቦውን ስትነቅል ደግሞ ዘይቱ ሁሉ እንዳይፈስ፣ በወንበሩና በፔዳሉ መካከል እንጨት አስገባና ፔዳሉን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጭኖ እንዲቆም አድርግ። ማስተሩ ውስጥ ከማጠራቀሚያው የሚመጣው ቀዳዳ ይደፈናል፣ ዘይቱም ይቆማል። የፍሬን መብራቱ ስለሚበራ ባትሪውን ፍታ።

ካቻቢቴ
ኮምፕሬሰር ለሚጠቀም ሰው ቁጥሩን ላስቀምጥለት። 54 ሚሊ ሜትር ፒስተን የሚገፋበት ስፋት 22.9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 1 ባር አየር 23 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋዋል። ኮምፕሬሰሩ በተለመደው 7 ባር ከተለቀቀ ወደ 160 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ የተጣበቀ ፒስተን በዚህ ኃይል ሲለቅ ጣት ይቆርጣል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ወደ 1 ባር ይውረድ፣ ፒስተኑ ፊት ለፊት ወፍራም ጣውላ ይግባ፣ ካሊፐሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ፊቱ ወደ ታች ይሁን፣ አየሩም በአጭር በአጭሩ ይሰጥ። ወጣ አልወጣ ብሎ በጣት መሞከር የለም።

ፒስተኑን በፒንሳ ከውጭ ጎኑ መያዝም የለም። ጎሚኒው የሚቀመጥበት ገጽ ላይ አንድ ጭረት ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የግድ ከሆነ ከውስጥ ባዶው በኩል ነው የሚያዘው።

ቸርኬ_14
ጋሼ እናመሰግናለን፣ በፔዳሉ ወጥቷል። ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። የአቧራ ጎሚኒው በታችኛው ጎኑ የጣት ጥፍር በሚያህል ተቀዷል። ፒስተኑ ላይ፣ ከውጭኛው አፉ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ ጎሚኒው በተቀደደበት ትይዩ ቡናማ ግማሽ ቀለበት አለ። አብዛኛው ሲጠረግ ይጠፋል፣ በሁለት ቦታ ግን ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል። ካሬ ጎሚኒው ሲወጣ ካሬ መሆኑ ቀርቷል፣ አንድ ጎኑ ተጨፍልቆ ያብረቀርቃል። የተቀመጠበት ቦይ ወለል ላይ ደግሞ ጥቁር ቡናማ ጠንካራ ቅርፊት አለ፤ በጨርቅ አይነሳም። ሲሊንደሩ ራሱ ነጠብጣብ አለበት ግን ለስላሳ ነው።

ጎሚኒና_ቦይ
የጻፍከው ሁሉንም ያስረዳል። ከነዚህ ሁሉ ዋናው ደግሞ ያ ቅርፊት ነው።

የዲስክ ፍሬን ካሊፐር ውስጥ ፒስተኑን የሚመልስ ሞላ የለም። የሚመልሰው ካሬ ጎሚኒው ነው። ፔዳል ሲረገጥ ፒስተኑ ወደ ውጭ ሲሄድ ጎሚኒውን ይዞት ይጣመማል፤ ቦዩ በአንድ ጠርዙ በኩል ሾጠጥ ያለው ለዚህ መጣመም ቦታ እንዲኖር ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ ጎሚኒው ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ከሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኛ ያህል ይስበዋል። ሸራው ከዲስኩ የሚላቀቀው በዚህች ብቻ ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ በጎሚኒው ውስጥ ተንሸራቶ አዲስ ቦታ ይይዛል፣ ፍሬኑ ራሱን የሚያስተካክለውም በዚህ ነው።

አሁን ከጎሚኒው ሥር ዝገት ሲያድግ ምን ይሆናል? ጎሚኒውን ወደ ፒስተኑ ያነሳዋል፣ ከሚገባው በላይ ይጨብጣል፣ መጣመሚያ ቦታም ያጣል። ፒስተኑ በዘይት ግፊት ይወጣል፣ ግን አይመለስም። ስለዚህ ቦዩ ሳይጸዳ አዲስ ጎሚኒ ቢገባ ያው ነው፣ እንዲያውም አዲሱ ወፈር ስለሚል ይብስበታል። «ኪት ቀይሬ አሁንም ይይዛል» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

አጸዳዱ፦ ቦዩን በጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ በተቀረጸ ጠንካራ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ፋቀው። እምቢ ካለ ነሐስ ይሠራል። ካቻቢቴ አይገባም፤ የቦዩ ጠርዝ ከተጫረ ዘይት የሚያልፍበት መንገድ ይሆናል። ወለሉን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ማዕዘኖች ፈልግ፣ ቅርፊቱ የሚደበቀው እዚያ ነው። በአልኮል ወይም በፍሬን ማጽጃ እያጠብክ በጥሩ መብራት ዙሪያውን እየው። ጥፍርህን በቦዩ ዙሪያ ስታስኬደው አንድም ቦታ መንቀጥቀጥ የለበትም። የአቧራ ጎሚኒው የሚቀመጥበትን የውጭ ቦይም እንዲሁ። ዘይቱ የሚገባበትንና ቫልቩ ያለበትን ቀዳዳ በአየር ንፋ። ቤንዚንና ናፍጣ አታስጠጋ።

ፒስተኑን ቀይር። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ማለት ክሮሙ ተበልቶ ዝገቱ ብረቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ በመፈግ አይጠፋም። ለጊዜው ጉድጓዱ ከጎሚኒው ውጭ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሸራ ስታስገባ ግን ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ያ የዛገው ክፍል በጎሚኒው ሥር ያልፋል፣ ያኔ መንጠባጠብ ይጀምራል።

ፔዳል
ሲሊንደሩን በመሸለያ ድንጋይ ማለስለስስ? በከበሮ ፍሬን ሲሊንደር ላይ ሁልጊዜ ይደረጋል።

ጎሚኒና_ቦይ
ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በከበሮ ፍሬን ጎሚኒው ከፒስተኑ ጋር እየሄደ የሚታሸው የሲሊንደሩን ግድግዳ ነው፣ ስለዚህ ግድግዳው መስታወት መሆን አለበት። በካሊፐር ጎሚኒው ቦዩ ውስጥ ቆሟል፣ የሚንቀሳቀሰው ፒስተኑ ነው። ዘይት የሚዘጋው የፒስተኑ ገጽ እንጂ የሲሊንደሩ ግድግዳ አይደለም። የግድግዳው ነጠብጣብ ፒስተኑን እስካልነካው ጉዳት የለውም። ሲሸለል ግን ክፍተቱ ይሰፋል፣ ፒስተኑም ይወላገዳል። እንደ ዕቃ ማጠቢያ ባለ ሻካራ ጨርቅ በአልኮል አሽቶ መተው ይበቃል።

ጎሚኒው ፒስተኑ ላይ የሚታሰርባቸው ካሊፐሮች አሉ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1982 የተሠሩት ኮርቬቶች እንዲህ ናቸው። በእነዚያ ግድግዳው ወሳኝ ነው። የቸርኬ ግን ከዚህ ዓይነት አይደለም።

አራት_በአራት
ፒስተኑ ብረት ሳይሆን ጥቁር ወይም ቡናማ ጠጣር ፕላስቲክ መሰል ከሆነስ? እንዴት ነው የሚመረመረው?

ጎሚኒና_ቦይ
እሱ ፊኖሊክ ነው፤ አይዝግም፣ ሙቀትም ወደ ዘይቱ ቶሎ አያስተላልፍም። ግን ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም ይሸረፋል። ጎሚኒው በሚያልፍበት ገጽ ላይ ስንጥቅ፣ ጭረት ወይም ሽራፊ ካለ ይጣላል። ሸራው በሚነካው አፉ ላይ ያለች ትንሽ ሽራፊ ወደ አቧራ ጎሚኒው ቦይ ካልደረሰች ትታለፋለች። በሽቦ ብሩሽም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት አይነካም።

ዶት_4
ቅባትና ዘይት ላይ ብዙ ሥራ ስለሚበላሽ ልግባበት። የፍሬን ጎሚኒዎች ብዙውን ጊዜ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ናቸው። ይህ ጎማ የፍሬን ዘይት ይወዳል፣ የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ሁሉ ግን ያሳብጠዋል፦ የሞተር ዘይት፣ ተራ የኩሽኔታ ግራሶ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ። የፒን ጎሚኒ በተራ ግራሶ ሲቀባ አብጦ ፒኑን ይጨብጣል፤ ያንተ የታችኛው ፒን ታሪክም ይህ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ለፒኖቹ የሲሊኮን ግራሶ ወይም ኪቱ ውስጥ የመጣው። ለፒስተኑና ለካሬው ጎሚኒ ንጹሕ የፍሬን ዘይት፣ ወይም ለፍሬን ጎማ ተብሎ የሚሸጠው ቀይ ግራሶ። የሸራዎቹ ጆሮ ለሚንሸራተትበት ቦታ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ በስሱ። ሸራው ፊትና ዲስኩ ላይ ምንም።

ዘይቱን የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ተከተል። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው። ዶት 3 ሲደርቅ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ውኃ ከጠጣ በኋላ በ140 ነው። ዶት 4 በ230 እና በ155፣ ዶት 5.1 በ260 እና በ180። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ ስሙ ከ5.1 ጋር ቢመሳሰልም ከሦስቱም ጋር አይገናኝም። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ አትጠቀምበት። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ቶሎ በውኃ እጠበው፣ ቀለሙን ይልጠዋል።

ሌላም ከባድ ነገር፦ የፍሬን ማጽጃው ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነ፣ በእሱ የራሰ ብረት ላይ እሳት ወይም ብየዳ አታቅርብ። ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። የተጣበቀ ብሎን በእሳት የሚያሞቅ ሰው ይህን ይወቅ።

ካቻቢቴ
የተጣበቀ ብሎን ካልን፣ የአየር ማስወጫ ቫልቩ ነው በብዛት የሚቆረጠው፤ መሃሉ ባዶ ስለሆነ ደካማ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ሶኬት ተጠቀም፣ ባለ 12 ማዕዘኑ የቫልቩን ማዕዘን ይልጠዋል። ዝገት የሚፈታ ዘይት አስነክተህ አሳድር። መጀመሪያ ለማጥበቅ ያህል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ካልሆነ ቀዳዳው ውስጥ ልክ የሚገባ የመሰርሰሪያ ጫፍ ዶል፣ ጫፉን በመዶሻ መታ መታ አድርግ፤ ከውስጥ ስለተደገፈ አይጨፈለቅም፣ ምቱም ጥርሱን ያላቅቀዋል።

ጋሽ_ክሪክ
ወደ መግጠሙ እንሂድ። እጅህ ንጹሕ ይሁን፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ክር የሚለቅ ጨርቅ አይኑር።

ካሬውን ጎሚኒ በዘይት አርሰህ በጣት ቦዩ ውስጥ አስገባው። ካሴት ክር እንደሚጠማዘዝ ይጠማዘዛል፣ ስለዚህ ዙሪያውን በጣት እየተከተልክ ጠፍጣፋው ገጽ ወደ መሃል መሆኑን አረጋግጥ። የአቧራ ጎሚኒው እንደ ዓይነቱ ነው። ብረት ቀለበት ያለው ከሆነ ፒስተኑ ከገባ በኋላ ልክ በሆነ ቱቦ በእኩል እየተመታ ይገባል። ሁለቱም ከንፈሩ ጎማ የሆነው፣ ያንተ እንደሚመስለኝ፣ መላ ይፈልጋል፦ ጎሚኒውን በፒስተኑ ግርጌ በኩል አልብሰህ ሰፊው ከንፈር ከግርጌው ወጣ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርግ። ፒስተኑን ከሲሊንደሩ አፍ በላይ ይዘህ ያንን ከንፈር በውጭው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ቆልፈው። ከዚያ ነው ፒስተኑ ቀጥ ብሎ የሚገፋው። እስከ ውስጥ ሲገባ ጠባቡ ከንፈር ወደ ፒስተኑ አንገት ቦይ ገብቶ ጠቅ ይላል።

ቫልቩን ክፍት ተው፣ አለዚያ የታሰረው አየር ይመልሰዋል። ፒስተኑ በሁለት አውራ ጣት ግፊት ነው መግባት ያለበት። ገና ከመጀመሪያው መጭመቂያ ካስፈለገው ተጣሟል፤ አውጥተህ እንደገና ጀምር፣ በኃይል አትሂድ። ጎሚኒው የሚቆረጠው እዚህ ነው።

ፒኖቹ ቦታ አላቸው። ብዙ ካሊፐር ላይ ከሁለቱ አንደኛው ጫፉ ላይ የጎማ ቀለበት አለው ወይም ቅርጹ ይለያል፤ ከወጣበት ቀዳዳ ውጭ አይግባ። የፒን ቀዳዳውን ውስጥ አጽዳ፣ ግራሶውን በስሱ ቀባ። ቀዳዳው በግራሶ ከሞላ አየሩ መውጫ አጥቶ ፒኑን መልሶ ይገፋዋል። የሸራ መያዣው ላይ ያሉትን ቀጫጭን ላሜራዎች አንሳና ከሥራቸው ያለውን ዝገት በሞረድ አንሳ። ዝገቱ ላሜራውን ካነሳው ሸራው ቦታው ይጠብበታል፣ ጥሩ ካሊፐርም አይለቅም። መያዣው እስኪበላ አትሞርድ፣ እስከ ብረቱ ብቻ።

ሞርሳ
ቱቦውን የሚይዘው ብሎን ከላይና ከታች የመዳብ ሮንዴላ አለው፤ ሁለቱም አዲስ ይሁኑ። የማጥበቂያ ኃይል ከመኪና መኪና ይለያያል፣ መመሪያው ይቅደም። ለመገመት ያህል ግን ለብዙ የቤት መኪና የፒን ብሎኖች ከ25 እስከ 35 ኒውተን ሜትር፣ የቱቦው ብሎን 30 አካባቢ፣ የአየር ማስወጫ ቫልቩ ከ10 ብዙም የማይበልጥ፣ መያዣውን ከመሪው ክንድ ጋር የሚያስሩት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ደግሞ 100 አካባቢ ናቸው። ቱቦው ሳይጠማዘዝ መቀመጡን መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙረህ እይ።

ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ለሚሠራ ሰው፦ ግራና ቀኝ ካሊፐር አይቀያየር። ይገጥማል፣ ግን የአየር ማስወጫው ቫልቭ ወደ ታች ይሆናል። አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ምንም ያህል ስፑርጎ (አየሩን ከዘይቱ ማስወጣት) ቢደረግ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ይቀራል።

ቸርኬ_14
ስፑርጎውን ለአንድ ጎማ ብቻ ማድረግ ይበቃል ወይስ አራቱንም?

ዶት_4
ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ አየር ካልገባ፣ የተከፈተው ጎማ ብቻ ይበቃል። ማስተሩ አየር ከዋጠ ግን ሁሉንም፣ መመሪያው በሚለው ቅደም ተከተል ነው፤ ኤቢኤሱም አየር ከያዘ መመርመሪያ መሣሪያ የሚጠይቅ አለ።

ቫልቩን ክፈትና ዘይቱ በራሱ ክብደት እስኪወርድ ጠብቅ፤ ካሊፐሩ በዚህ ብቻ አብዛኛውን አየር ይለቃል። ከዚያ ጫፉ ዘይት ውስጥ የተነከረ ንጹሕ ቱቦ ቫልቩ ላይ ሰካ። ረዳቱ ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ ይይዛል፤ አንተ ትከፍታለህ፣ ፔዳሉ ሲወርድ ትዘጋለህ፤ ከዘጋህ በኋላ ብቻ ይለቃል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አየሩ ተመልሶ ይገባል። በየመሃሉ ካሊፐሩን በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርገው፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቁ የአየር ነቁጦች ይወጣሉ። የፔዳሉ ጣውላ እንዳለ ይሁን። በቫልቩ ጥርስ ዙሪያ አየር የሚገባ ከመሰለህ ስለ ቱቦው ነቁጥ አትጨነቅ፣ ፔዳሉ ምን ይላል ነው ዋናው።

አራት_በአራት
ብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ ያለው ባለ አራት ፒስተን፣ የማይንሸራተተው ካሊፐር በምን ይለያል?

ጋሽ_ክሪክ
ሥራው ያው ነው፣ ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ አራቱ ፒስተኖች እኩል አይወጡም። ቀድሞ የወጣውን በቀጭን ጣውላና በመጭመቂያ ያዘው፣ ሰነፉ እስኪከተል ድረስ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ግፊቱ ሁሉ በዚያ ያልቃል፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ሁለተኛ፣ ካሊፐሩን ለሁለት የሚከፍሉትን ብሎኖች አትፍታ። በሁለቱ ግማሾች መካከል ዘይት የሚያሻግር ቀዳዳና ትንሽ ጎሚኒ አለ፤ ያ ጎሚኒ በተራው ኪት ውስጥ አይመጣም። ሳይከፈልም ቦዮቹ ይጸዳሉ፣ መስታወትና መብራት ብቻ ነው የሚፈልገው። ፒን ስለሌለው ደግሞ አንድ ጎን ያሉት ፒስተኖች ከተጣበቁ በዚያ ጎን ያለው ሸራ ይለያል፤ ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንዳለቀ ሳትፈታ እይ።

ቸርኬ_14
አዲስ ፒስተን ገብቷል፣ ቦዩ እስከ ማዕዘኑ ጸድቷል። ፒስተኑ በአውራ ጣት ገባ። ፔዳሉ ከላይ ጠጣር ነው። ሲረገጥና ሲለቀቅ ጎማው በአንድ እጅ ይዞራል፣ ሸራው ዲስኩን የሚነካበት ስስ ድምፅ ብቻ አለ። ሸራዎቹንም በሁለቱም ጎን አዲስ አድርጌያለሁ። ከመንዳት በፊት የቀረ ነገር አለ?

ሞርሳ
ስሱ ድምፅ ጤነኛ ነው። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፤ ሸራና ፒስተን ቦታቸውን እስኪይዙ የመጀመሪያዎቹ እርግጫዎች ባዶ ይወርዳሉ። ከዚያ ፔዳሉን በደንብ ተጭነህ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዝ፣ ሰው ደግሞ በቱቦው ብሎንና በቫልቩ ዙሪያ በደረቅ ወረቀት ይንካ። ወረቀቱ ከራሰ አትውጣ። ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደም እንዲሁ።

ሸራዎቹን ለማላመድ ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 ቀስ እያልክ በመካከለኛ እርግጫ ቀንስ፣ ሳትቆም፣ ወደ 10 ጊዜ ያህል። በየመሃሉ ዲስኩ ይቀዝቅዝ። ሙቅ ሆኖ ፔዳሉን ረግጦ መቆም ዲስኩ ላይ የሸራ ዱካ ይተዋል፣ በኋላ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ስትመለስ ሁለቱንም ቸርኬ በጨረር ቴርሞ ሜትር ለካ፤ ቁጥሩን ብቻ አትይ፣ ግራና ቀኝ መቀራረባቸውን ነው የምትፈልገው።

የዲስኩን ውፍረትም ለካ። ዝቅተኛው ልክ ብዙ ጊዜ ዲስኩ መሃል ላይ ተቀርጿል።

ፔዳል
የቀኙን ካሊፐርስ ያውልቀው ወይስ ይተወው?

ጎሚኒና_ቦይ
የአቧራ ጎሚኒው ሳይቀደድ፣ ፒኖቹ በጣት የሚንሸራተቱ፣ ፒስተኑም በእኩል ኃይል የሚመለስ ከሆነ ይተወው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን አሁኑኑ ይሥራው፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ውኃ ውስጥ ነው የኖሩት። ተጣጣፊ ቱቦ የሚቀየር ከሆነ ግራና ቀኝ አንድ ላይ ነው። ቸርኬ፣ የአየር ማስወጫ ቫልቩ ላይ ደግሞ የጎማ ቆቡን መልስለት፤ ከጠፋም ፈልገህ አስገባበት፣ ውኃ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ነው ቫልቩ ከውስጥ የሚዝገው።